ቪዛ ለሚጠብቁና ገና ለደረሱ፦ የእንግሊዝኛ ቃል አያያዝ

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሆናችሁ ቪዛ የምትጠባበቁ፣ ከዚያም ወጥታችሁ ገና ውጭ አገር የገባችሁ ወገኖች፣ ከሁሉ በፊት የምታውቁት የሚመስላችሁን ቃል ፈትሹ። አዲስ አበባ ሊዝ ሲባል የመሬት ጨረታ ትዝ ይለናል። አሜሪካ ውስጥ ግን ተከራይ የሚፈርመው የቤት ኪራይ ውል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው፣ ጊዜው ሳይደርስ መልቀቅም ገንዘብ ሊያስከፍል ይችላል። ከጀሞ ሜክሲኮ የምንሄድበት ታክሲ የጋራ ነው፤ እዚያ ታክሲ ማለት እኛ ኮንትራት የምንለው ነው፣ ሂሳቡም እንደዚያው። ፌርማታና ጎሚስታ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡ ስለሆኑ ባስ ስቶፕ እና ታየር ሾፕ በሉ።

ስለዚህ በአንድ የአማርኛ አቻ ብቻ አትተማመኑ። በቀላል እንግሊዝኛ የሚፈታ የተማሪ መዝገበ ቃላት ያዙ። ሎንግማን የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹ የተጻፉት ወደ 2,000 በሚጠጉ የተለመዱ ቃላት ነው፤ እነዚያን የያዘ ሰው የቀረውን ራሱ አንብቦ ይረዳል።

ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ እንዲኖራችሁ የደብተር ቅጠል ለአራት ቁረጡ። በፊቱ ቃሉንና የሰማችሁበትን ዓረፍተ ነገር፣ በጀርባው ከ10 ቃል ያልበለጠ ፍቺ ጻፉ። ለሬንት፣ ማለትም ለኪራይ፣ ‹ማኒ ዩ ፔይ ቱ ሊቭ ኢን ኤ ሀውስ› (ቤት ውስጥ ለመኖር የምትከፍሉት ገንዘብ) ይበቃል። ፍቺው ውስጥ ራሱ ሬንት ተመልሶ ከገባ፣ ወይም ከቃሉ የከበደ ቃል ካለበት፣ ካርዱን ቀይሩት። ካርዱ ላይ በላቲን ፊደል ጻፉ፤ በእኛ ፊደል ‹መኖር› እና ‹ትቶ መሄድ› ሁለቱም ሊቭ ይሆኑና ልዩነታቸው ይጠፋል። አነጋገሩን ከስልክ መዝገበ ቃላት አዳምጡ።

በቀን 5 ቃል ይበቃል። ቦሮው እና ሌንድን፣ ማለትም መበደርንና ማበደርን፣ በአንድ ቀን አታጥኑ፤ አብረው የገቡ ጥንዶች ለረጅም ጊዜ ይምታታሉ። አንዱ ሲጸና፣ ከሳምንት በኋላ ሌላውን አምጡ። ክለሳው በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይሁን፤ ጀርባውን ሳትገልጡ አስታውሱ፣ ያቃታችሁ ካርድ ከመጀመሪያው ይጀምር። ወረቀት መብራትም ኔትወርክም አይፈልግምና ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ እስክትደርሱ የቀኑ ክለሳ ያልቃል።

ከኪራይ፣ ከሥራና ከሐኪም ቤት ቃላት ጀምሩ። ሰዓትን ግን አታሳድሩት፦ ሰቨን ኤኤም በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ሰቨን ፒኤም ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ‹ሰቨን›ን ሰባት ሰዓት ብሎ የተረጎመ ሰው ጠዋት የተቀጠረበት ቦታ ቀን በሰባት ሰዓት፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ኤኤሙን ወይም ፒኤሙን ጠይቃችሁ ከቀጠሮው ጋር ጻፉት።