ለኤሌክትሪክ ጊታር ምትክ የብሪጅ ፒክአፕ አመራረጥ

ድሬዳዋ ላይ ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ርግብግብታ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረውን ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ያለበት ዕቃ፣ የሚገዛ ጊታሪስት አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ሞክሮ አይገዛም። ወይ ከአዲስ አበባ ያስልካል፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞለት እንዲመጣ ይለምናል፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ «አልገጠመልኝም» ወይም «ድምፁ አልተስማማኝም» ብሎ መመለስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ምርጫው ማለቅ ያለበት ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት፣ በእጅ ያለውን ጊታር በመለካትና በጥሞና በማዳመጥ ነው። ብሪጁ (ክሩ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፍበት ድልድይ) አጠገብ የሚቀመጠው ፒክአፕ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክሩ ብሪጁ አጠገብ የሚርገበገበው በጠባቡ በመሆኑ ፒክአፑ የሚያገኘው ጉልበት አነስተኛ ሲሆን፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ግን እዚያ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ብዙ አምራቾች ለብሪጅ የሚሠሩትን ፒክአፕ ከአንገቱ ይልቅ አብዝተው የሚጠመጥሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለአንገት የተሠራውን ብሪጅ ላይ ያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሰለለ ድምፅ የሚያገኘውም ለዚሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ችግሩ በእርግጥ የፒክአፑ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በድሬ ሙቀት ላብ የጠገበ ክር ቶሎ ይደነዝዛል፤ በደነዘዘ ክር ደግሞ የትኛውንም ፒክአፕ መዳኘት አይቻልም። አዲስ ክር ያስሩና የመጀመሪያውንና ስድስተኛውን ክር በየተራ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ይያዙ፤ ከዚያም ከፒክአፑ አናት እስከ ክሩ ሥር ያለውን ክፍተት ይለኩ። ለመነሻ በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.5 ሚሊሜትር ያህል ተስማሚ ነው። ከዚያ በፒክአፑ ዳርና ዳር ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያዞሩ ያዳምጡ፤ ፒክአፑ ወደ ክሩ ሲጠጋ ድምፁ ይጎላል፣ ሲርቅ ይለዝባል። «ይህ ፒክአፕ ደካማ ነው» ከተባለላቸው ጊታሮች ብዙዎቹ በዚህች ሥራ ብቻ ይድናሉ።

ከዚህም በኋላ ድምፁ ካልጣመ፣ የጎደለውን በግልጽ ለይቶ መናገር ይገባል፦ ይጮኻል? ይሰላል? ይታፈናል? ወይስ «ኡምም» የሚል ድምፅ አላስቀምጥ ብሏል? የመጨረሻው ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ሲንግል ኮይል የሚባለው ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ በአካባቢው ካለው የኤሌክትሪክ መስመር የ50 ኸርዝ ድምፅ ይለቅማል፤ በሠርግ ዳስ ውስጥ ጄኔሬተር፣ የመብራት መቆጣጠሪያና በቅጡ ያልተቀበረ የመሬት መስመር ሲደመሩ ችግሩ ይብሳል። ሀምበከር ግን በጥቅልም በማግኔትም አቅጣጫ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ጥቅሎች ስላሉት ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ እርስ በርስ አጣፍቶ የክሩን ይደምራል። የጊታር አምራቹ የጊብሰን መሐንዲስ የነበረው ሴዝ ላቨር (Seth Lover) ለዚህ ሥራ የባለቤትነት መብት ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ጊታርዎ ለባለ አንድ ጥቅል የተቦረቦረ ከሆነ እንጨቱን መቦርቦር ግድ አይደለም፤ በዚያው ቦታ ልክ የተሠሩ፣ ሁለቱ ጥቅሎቻቸው ጎን ለጎን ወይም ተደራርበው የተቀመጡ ሀምበከሮች አሉ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነጥብ እንምጣ። ገዥ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ኦም ነው?» ብሎ ነው። ስትራቶካስተር የሚባለው የፌንደር ጊታር ዓይነት ሲንግል ኮይል 6፣ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን ዘመን የሚከተል ሀምበከር ከ7.5 እስከ 8.5፣ ጉልበታም የሚባሉት ደግሞ ከ13 እስከ 16 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው የሚናገረው። ቁጥር 42 የሚባለው የተለመደ ሽቦ 0.063 ሚሊሜትር፣ ቁጥር 43 ደግሞ 0.056 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አላቸው፤ በእኩል ዙር ቢጠመጠሙ እንኳ ቀጭኑ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ይህ ማለት ግን ድምፁ በዚያው ልክ ጠንክሯል ማለት አይደለም። የአየሩ ሙቀትም ቁጥሩን ይለውጠዋል። የመዳብ ተቃውሞ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በ20 ዲግሪ 8.0 ያሳየ ፒክአፕ ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ ሲለካ ወደ 8.5 ይጠጋል። በሌላ በኩል በጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) በኩል ሲለካ ፖቴንሽዮሜትሩ (ከቮልዩም ቁልፉ ሥር ያለው መቆጣጠሪያ) ከፒክአፑ ጋር በትይዩ ስለሚገናኝ ንባቡ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቮልዩሙን ሙሉ ከፍተው፣ የፒክአፕ መምረጫውን ብሪጅ ላይ አድርገው፣ ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አስቀምጠው ይለኩ፤ ቁጥሩንም ከአምራቹ ጽሑፍ ጋር ሳይሆን በዚያው ቀን በዚያው ቴስተር ከለኩት ሌላ ፒክአፕ ጋር ያወዳድሩት። አምራቹ በሄንሪ የሚለካውን ኢንዳክታንስ (ጥቅሉ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥን የሚቋቋምበት መጠን) ከጻፈ እሱን ማመን ይሻላል፤ ከ2 እስከ 3 ሄንሪ ጥርት ያለ፣ ከ4 እስከ 5 ሞላ ያለ፣ ከ7 በላይ ደግሞ መካከለኛው የወፈረና ላይኛው የለዘበ ድምፅ ይሰጣል።

የትኛው ይሻላል የሚለው በሚጫወቱት ሙዚቃ ይወሰናል። ኡድንም ጊታርንም ይጫወት የነበረው ዓሊ ቢራ በተወለደባት በዚህች ከተማ ጊታር ብዙ ጊዜ የሚጫወተው ነጠላ ዜማ ነው፤ የእያንዳንዱ ኖታ አነሳስና የጣት መንሸራተት በግልጽ መሰማት አለበት። መካከለኛውን ድምፅ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ ቀድመው ስለያዙት፣ እጅግ ጉልበታም ፒክአፕ ጊታሩን እዚያው ውስጥ ያሰጥመዋል። በእኔ እምነት ለትዝታም ለባቲም፣ ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ ዘፈንም በባንድ ውስጥ የሚበጀው ከ7.5 እስከ 9 ኪሎ ኦም ያለው፣ አልኒኮ 5 የሚባል የማግኔት ዓይነት የተገጠመለት ሀምበከር ነው። ጊታሩ ከተፈጥሮው የሚጮህ ከሆነ አልኒኮ 2 ያለዝበዋል። ሴራሚክ ማግኔት ያላቸው ብርቱዎቹ የሚስማሙት ከባድ ሮክ ለሚጫወት ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ በፒክአፑ ላይ በየክሩ ሥር ካሉት ስድስት የብረት ምሰሶዎች ከአንደኛው ምሰሶ መሐል እስከ ስድስተኛው ምሰሶ መሐል በማስመሪያ ይለኩ። የጊብሰን ዓይነት ብሪጅ 50 ሚሊሜትር አካባቢ፣ የፌንደር ዓይነት ደግሞ 52 ወይም 53 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ፒክአፑን ለሚልክልዎ ሰው ይህንን ቁጥር፣ የጉድጓዱን ጥልቀትና የፒክአፑን ፎቶ ከላይም ከሥርም አንስተው ይስጡት። ጊታርዎ ቴሌካስተር ከሆነ ፒክአፑ ከሥሩ የብረት ሳህን እንዳለው ያረጋግጡ፤ በብዙዎቹ ላይ ብሪጁና ክሩ ከመሬት መስመር ጋር የሚገናኙት በዚያ ሳህን በኩል ስለሆነ፣ ሳህን የሌለው ከተገጠመ ለብሪጁ የተለየ ሽቦ መዘርጋት ያስፈልጋል።

ፖቴንሽዮሜትሩም አይዘንጋ፤ ለሀምበከር 500 ኪሎ ኦም፣ ለሲንግል ኮይል 250 ኪሎ ኦም የተለመደ ነው። በ250 ላይ የተገጠመ ሀምበከር ይታፈናል፤ ፒክአፑን ከመውቀስ በፊት ይህን ማየት ይገባል። በባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠሩት አክቲቭ ፒክአፖች አብዛኛውን ጊዜ 25 ኪሎ ኦም ስለሚፈልጉ ሙሉውን የውስጥ ክፍል ለመቀየር ካልተዘጋጁ ይተዉዋቸው።

ያገለገለ ፒክአፕ እዚሁ ከተማ ካገኙ በላዩ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አይመኑ፤ ገልብጠው ይመልከቱት። በስትራቶካስተር ዓይነቱ ላይ ስድስቱ ምሰሶዎች ራሳቸው ማግኔት ከሆኑ አልኒኮ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ግራጫ ጠፍጣፋ ማግኔት ተለጥፎ ከታየ ግን ምሰሶዎቹ ተራ ብረት፣ ማግኔቱም ሴራሚክ ነው። ቴስተሩ ጨርሶ ንባብ ካልሰጠ ሽቦው ተበጥሷልና አይግዙት። ሰም የተነከረ ፒክአፕ ድምፁ ከፍ ሲል የመጮህ ችግሩ አነስተኛ ነው፤ ጊታሩን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ግን ያንን ሰም ሊያቀልጠው ይችላል።

ሲያስበይዱ ባለ አራት ሽቦ ፒክአፕ ቢሆን ይመረጣል፤ የቀለማቱ ትርጉም ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። በሲይሞር ደንከን ላይ ድምፁን የሚያወጣው ሽቦ ጥቁሩ ሲሆን በዲማርዚዮ ላይ ቀዩ ነው፤ ስለዚህ የአምራቹን ሥዕል ለሚበይደው ባለሙያ አትመው ይስጡት። ከተበየደ በኋላ መምረጫውን በሁለቱ ፒክአፖች መካከል አድርገው ይጫወቱ። ድምፁ በድንገት ቀጥኖ በአፍንጫ የሚናገር ከመሰለ ሁለቱ ተቃርነዋል፤ የአዲሱን መነሻና መድረሻ ሽቦ ያቀያይሩ፣ ልባስ የሌለውን ባዶ ሽቦ ግን ከመሬት መስመሩ አይንቀሉት። ከዚያ ከፍታውን እንደገና ያስተካክሉ፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ባንዱ በሚጫወትበት ድምፅ ልክ ሰምተው እስኪሰጡ ድረስ የድሮውን ፒክአፕ ከነብሎኑና ከነስፕሪንጉ ያስቀምጡት።