ልጁ ኳሷን አልመታ ሲል፦ የሜዳ ቴኒስ ጀማሪ ልጆች ችግርና መፍትሔ

ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ያሉ ልጆችን ሳለማምድ፣ ወላጆች ከዳር ሆነው «ጠንከር አድርገህ ምታ!» ሲሉ እሰማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የልጁ አይደለም። እጁን ከማረማችን በፊት የያዘውን ራኬትና የምትመጣለትን ኳስ እንይ።

ኳሷ ከጭንቅላቱ በላይ ነጥራ ታልፈዋለች

ምክንያት፦ የአዋቂዎቹ ቢጫ ኳስ ናት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷን ብዙም አይገታትም፣ ንጥረቷም ከቆላው ይልቅ ከፍ ይላል። ትከሻው ላይ የምትደርስ ኳስ ለአዋቂም ትከብዳለች፤ የስድስት ዓመት ልጅ ምን ያድርጋት?

መፍትሔ፦ ለጀማሪ ልጆች የተሠራችው ቀይ የቴኒስ ኳስ። ፍጥነቷ ከቢጫዋ በ75 በመቶ ያንሳል፣ ዝቅ ብላም ትነጥራለች። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ10 ዓመትና ከዚያ በታች ልጆች ውድድር በመደበኛዋ ቢጫ ኳስ እንዳይካሄድ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀይ ካጣችሁ የስፖንጅ ኳስ ወይም አርጅታ ንጥረቷ የሞተ ኳስ ስጡት። ሜዳውንም አሳጥሩለት፦ 11 ሜትር በ5.5 ሜትር ይበቃዋል። በትልቁ ሜዳ ላይ ወርዱን ተከትላችሁ በጠመኔ አስምሩ፤ በሁለት ወንበር መካከል 80 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ገመድ ወጥሩ፣ መረብ ይሆናል።

የራኬቱ ጫፍ ወደ መሬት ይዘነበላል

ራኬቱ ረዝሞበታል። የታላቅ ወንድም ራኬት «ያድግበታል» ተብሎ ሲሰጠው ክንዱ ይዝላል፣ መጥፎ ልማድም ያወጣል። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ራኬቱን ይዞ እጁን ወደ ታች ይዘርጋ። ጫፉ መሬት ነክቶ ክርኑን የሚያጥፍበት ከሆነ አይሆነውም። ለአምስትና ስድስት ዓመት ልጅ ከ48 እስከ 53 ሳንቲሜትር የሚሆን ይፈለግ፤ የአዋቂው 68.5 ነው።

አየር ይመታል

ዓይኑ ከኳሷ ቀድሞ ወደ መረቡ ይሄዳል፣ ወይም ኳሷ ሳትነጥር ይቸኩላል። ራኬቱን ለጊዜው አስቀምጡት። ኳሷን አንድ ጊዜ አንጥሩለትና በሁለት እጁ ይቅለብ፤ ከአሥር ስምንቱን ሲቀልብ ራኬቱን መልሱለት። ከዚያ እሱ ራሱ ጮክ ብሎ ስትነጥር «ነጠረች»፣ ሲመታ «መታሁ» ይበል። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ አየር ስትመታ ቆይታ፣ ይህን ማለት በጀመረችበት ቀን አራት ኳስ በተከታታይ መለሰች። አፏ ጊዜውን ሲቆጥር እጇ ተከተለ።

ኳሷ ሽቅብ ትወጣለች

የራኬቱ ፊት ሰማይ እያየ ነው። ሰላም ሲል እንደሚጨብጥ አድርጎ ይያዘው። ልክ ሲመታ «ቁም!» በሉትና የራኬቱ ፊት ወዴት እንደዞረ ራሱ ይይ፤ መረቡን እንደ ግድግዳ ፊት ለፊት ማየት አለበት።

«አልፈልግም» ብሎ ይቀመጣል

ሰልፍ ሰልችቶታል። አሥር ልጅ አንድ ኳስ እየጠበቀ የሚማረው ቴኒስ የለም። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጫውቷቸው፤ ማን አሸነፈ ሳይሆን አብረው ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ ይቁጠሩ። 45 ደቂቃ ሲሞላ፣ ገና «አንድ ጊዜ ብቻ!» እያሉ ሳለ፣ ኳሶቹን ሰብስቡ።