ኮዱ የጠፋበት ፕሮግራም አማርኛ እንዲናገር

ደብረ ብርሃን ውስጥ እህል የሚነግዱ አንድ ጋሼ አሉ። የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራማቸውን የሠራላቸው ልጅ ኮዱን ይዞ የት እንደገባ አይታወቅም። ነገሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው አንድ ጥያቄ ብቅ ሲልባቸው «እሺ ማለት ይሻላል» ብለው ተጫኑ፤ የሦስት ኩንታል ገብስ ሽያጭ ድራሹ ጠፋ። «ይሄን ነገር አማርኛ አታደርግልኝም?» ብለው መጡ። ይቻላል፣ ኮዱም አያስፈልግም።

የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ማለትም ኤክስኢ ፋይሉ፣ ከኮዱ ለይቶ የሚያስቀምጠው ሪሶርስ የሚባል ክፍል አለው። አይከኑ፣ ሜኑው፣ ዳያሎግ የሚባሉት ትንንሽ መስኮቶች፣ መልእክቶቹ፣ የቨርዥን መረጃው እዚያ ነው ያለው። እኔ እሱን የምከፍተው በሪሶርስ ሀከር ነው። የአንገስ ጆንሰን ሥራ ነው፣ ነፃ ነው፣ ባለ 32 ቢቱንም ባለ 64 ቢቱንም ያስተናግዳል። ሬስቶሬተርና ሪሶርስ ቲዩነርም አሉ፣ ግን ይከፈልባቸዋል፤ ለዚህች ሥራ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጉ። ዋናው ላይ እንዳትሠሩ፣ አደራ! ፕሮግራሙንም ዝጉት፣ እየሠራ ባለ ፋይል ላይ ሴቭ አይደረግም።

ኮፒውን ስትከፍቱት በግራ በኩል ሜኑ፣ ዳያሎግ፣ ስትሪንግ ቴብል የሚሉ ፎልደሮች ታያላችሁ። ስትሪንግ ቴብል መልእክቶቹን 16 በ16 አቧድኖ ይይዛል። ከፊት ያለውን ቁጥር አትንኩ፤ በጥቅስ ምልክት መሀል ያለውን ብቻ በአማርኛ ተኩ። ከዚያ ኤፍ 5 ተጭናችሁ ኮምፓይል አድርጉና፣ ማለትም የጻፋችሁትን ፕሮግራሙ ወደሚረዳው መልክ አዙሩና፣ በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ። ያለቀ መስሏችሁ ይሆናል፣ ጣጣው ገና ነው።

በግራ በኩል ከእያንዳንዱ ሪሶርስ ስም አጠገብ 1033 የሚል የቋንቋ ቁጥር አለ፣ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ማለት ነው። የአማርኛው 1118 ነው። እኔም መጀመሪያ በሞኝነቴ 1118 ብዬ አዲስ ጨመርኩ፤ የጋሼ ዊንዶውስ እንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛውን መርጦ ማሳየቱን ቀጠለ። ስለዚህ 1033ን እንዳለ ትታችሁ ጽሑፉን ብቻ ለውጡ።

ዳያሎግ ላይ ፊደሉ ተጨናንቆ ይወጣል፤ ፎንቱ ብዙ ጊዜ መጠኑ 8 ነው። ኢብሪማ አድርጉና ወደ 10 ከፍ በሉ። ኢብሪማ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የግዕዝ ፊደል አለው፤ ኒያላ ግን ዊንዶውስ 10 ላይ ካልጨመራችሁት ላይኖር ይችላል። የዳያሎግ ልኬት የሚሰላው በፎንቱ ስለሆነ መስኮቱም አብሮ ይሰፋል።

የመቶኛ ምልክት ከፊደል ጋር ተጣብቆ ያለበት ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ፕሮግራሙ ቁጥር ወይም ስም የሚሞላበት ቦታ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚፈልግ ቦታ ማቀያየር ያምራችኋል። ሁለት ካሉ ቅደም ተከተላቸውን አትንኩ፤ ፕሮግራሙ ዝርግፍ ይላል።

አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከወጣ ፕሮግራሙ ዩኒኮድ የሚባለውን፣ የብዙ ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን አሠራር አያውቅም፣ እዚያ ላይ ተስፋ ቁረጡ። ጽሑፉ ጭራሽ ካልተገኘ ደግሞ ወይ ኮዱ ውስጥ ነው የተጻፈው ወይ ፋይሉ ዩፒኤክስ በሚባል የፋይል ማሳነሻ ፕሮግራም ታሽጓል፤ ዩፒኤክስ ከሆነ በራሱ በዩፒኤክስ ይፈታል። ዲጂታል ፊርማ፣ ማለትም የሠሪው ማረጋገጫ፣ ያለውን ፋይል ከነካችሁ ፊርማው ይበላሻል።

አሁን የጋሼን ሽያጭ ወዳጠፋው ጥያቄ። መልእክቱን ስትሪንግ ቴብል ውስጥ አገኘሁት፣ «የስ» እና «ኖ» የሚሉትን ቁልፎች ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣኋቸው። ለካ እነሱን የሚያመጣው ራሱ ዊንዶውስ ነው፣ ኤክስኢው ውስጥ የሉም። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ጻፍኩት፦ «ይህ ሽያጭ ይሰረዝ? የግራው ቁልፍ ይሰርዛል፣ የቀኙ ይተወዋል።» ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ቀኙን ተጫኑ።

ከዚያ አይከኑም የገብስ ዛላ ይሁንልኝ አሉ። እሱ ቀላል ነው፤ አይኮ ፋይል አዘጋጅታችሁ፣ ቢያንስ የ16፣ የ32 እና የ48 መጠን ያለው፣ በአሮጌው ትተካላችሁ። ተክታችሁም አሮጌው ከታየ ዊንዶውስ የድሮውን ይዞ ነው፣ የፋይሉን ስም ለውጡለት።