በረዶን ወደ ክፍል ማስገባት፦ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች የሚሆኑ የብርድ ወራት ተግባራት

የብርድ ወራት ሲመጡ የብዙ ክፍሎች ግድግዳ በጥጥ በረዶና በወረቀት ፔንግዊን ይሞላል። ማስጌጡ አይከፋም፤ ልጆቹ ከጌጡ የሚማሩት ግን ጥቂት ነው። ብርዱ ራሱ ሊዳሰስ፣ ሊለካና ሊሞከር የሚችል የትምህርት መሣሪያ ስለሆነ፣ ብዙ ተግባራትን በጥድፊያ ከማለፍ ሁለት ሦስቱን መርጦ በቂ ጊዜ መስጠቱ ይሻላል። በረዶ በማይጥልበት አካባቢ የሚያስተምር መምህርም ማቀዝቀዣ ካገኘ የሚጎድለው ነገር አይኖርም።

ቅድሚያ የሚሰጠው ሙከራ በሱፍ ካልሲ የሚሠራው ነው። በዋዜማው በአንድ ዓይነት መያዣ ውሃ አቀዝቅዘው መጠናቸው እኩል የሆኑ ሦስት የበረዶ ቁራጮች ያዘጋጁ። እያንዳንዱን በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ከተው አፉን አጥብቀው ከዘጉ በኋላ፣ አንደኛውን እንዲሁ ሳህን ላይ ያስቀምጡት፤ ሁለተኛውን በአንድ ገጽ ወረቀት፣ ሦስተኛውን በወፍራም የሱፍ ካልሲ ይጠቅልሉት። ከረጢቱ ያስፈለገው ካልሲው የቀለጠውን ውሃ መጥጦ ልኬቱን እንዳያበላሽ ነው። ከዚያ “ቀድሞ የሚቀልጠው የቱ ነው? ለምን?” ብለው ይጠይቁና መልሶቹን ከነምክንያታቸው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ብዙዎቹ ልጆች ካልሲ ያሞቃል ብለው ስለሚያምኑ ካልሲ ውስጥ ያለውን ይመርጣሉ። ለማረም አይቸኩሉ። በየአሥር ደቂቃው አንድ ተማሪ ሳህኑን አይቶ ይመዝግብ፤ ሳይጠቀለል የቀረው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ሦስቱንም ፈትተው ውሃቸውን ተመሳሳይ በሆኑ ውስጣቸው በሚያሳይ ኩባያዎች ይቅዱት። ኩባያዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በካልሲ ከተጠቀለለው የወጣው ውሃ ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ይታያል። ማብራሪያው ከዚህ በኋላ ይምጣ፦ ካልሲ ሙቀት አያመነጭም፤ የሙቀትን መተላለፍ ያዘገያል እንጂ። እግርን የሚያሞቀው የልጁ የራሱ ሰውነት ሲሆን ካልሲው ያን ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ይይዘዋል፤ በበረዶው ላይ ደግሞ የክፍሉ ሙቀት ቶሎ እንዳይገባ ይከለክላል።

ይህን የተረዳ ልጅ የዋልታ ድብና ዓሣ ነባሪ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ለመገመት ዝግጁ ነው። ከቆዳቸው ሥር ያለው ወፍራም ስብ እንደ ካልሲው ሙቀት እንደሚይዝ ለማሳየት፣ ሁለት የላስቲክ ከረጢቶችን አንዱን በሌላው ውስጥ ከተው በመካከላቸው የረጋ የምግብ ቅባት በወፍራሙ ይሙሉ፤ ልጁ አንዱን እጁን በዚህ ውስጥ፣ ሌላውን ቅባት በሌለበት ድርብ ከረጢት ውስጥ አድርጎ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ይንከር። ሠላሳ ሰከንድ ከበቂ በላይ ነው፤ “እኔ እስከ መጨረሻው እችላለሁ” የሚል ተፎካካሪ ከየክፍሉ ስለማይጠፋ ሰዓቱን መምህሩ ራሱ ይያዝ።

የወረቀት የበረዶ ቅንጣት መሥራት የተለመደ ቢሆንም ብዙ ጊዜ በስሕተት ይሠራል። የበረዶ ቅንጣት በአብዛኛው ስድስት ክንድ ወይም ስድስት ጎን አለው፤ ምክንያቱም ውሃ ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ እየሠሩ ይደረደራሉ። ወረቀቱን በግማሽ በግማሽ ብቻ እያጠፉ ከሄዱ የሚወጣው አራት ወይም ስምንት ክንድ ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፦ በሳህን ዙሪያ የተሠመረ ክብ ወረቀት ይቁረጡ፣ በግማሽ ይጠፉት፣ ግማሹን ክብ ሦስት እኩል ቦታ አድርገው እንደገና ይጠፉት፣ በመጨረሻም አንድ ጊዜ በግማሽ ይድገሙት። አሁን አሥራ ሁለት ንብብር ስላለው ስስ ወረቀት ካልሆነ የትንንሽ ልጆች መቀስ አይቆርጠውም። ከመዘርጋቱ በፊት “ይህ አንድ ቀዳዳ ሲዘረጋ ስንት ይሆናል?” ብሎ መጠየቅ የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ በራሱ ይሞላዋል። ዊልሰን ቤንትሌይ የተባለው አሜሪካዊ ገበሬ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አያይዞ እ.ኤ.አ. በ1885 የአንድ የበረዶ ቅንጣት ፎቶግራፍ ማንሳቱንና በዕድሜው ከ5,000 በላይ ማንሳቱን ይንገሯቸው።

ጊዜ ካለ የላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ውሃ ሞልተው የውሃውን ከፍታ በቀለም ያመልክቱና እስከ ማግስቱ በማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ያሳድሩት። ውሃ ሲቀዘቅዝ ይዘቱ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በረዶው ከምልክቱ በላይ ይገኛል። በብርጭቆ ጠርሙስ አይሞክሩት፤ ይሰነጠቃል። በረዶ ላይ ጨው መነስነስም ልጆችን የሚማርክ ነው፤ ይሁን እንጂ የጨውና የበረዶ ድብልቅ ከ0 ድግሪ በታች ስለሚወርድ ቆዳን ይጎዳልና በማንኪያ እንጂ በእጅ አይነካ።

ለሦስተኛ ክፍል “ብርዱ ከየት ይመጣል?” የሚለውን ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። መሬት ከፀሐይ ስለራቀች ነው የሚለው መልስ ስሕተት ነው፤ መሬት ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሚበርደው ጊዜ ነው። ምክንያቱ የመሬት ዛቢያ 23.5 ድግሪ ያህል ማዘንበሉ ነው። ይህን ለማሳየት እንደ ፀሐይ የሚሆን አምፖልና እንደ መሬት የሚሆን፣ ዛቢያውን የሚያሳይ እርሳስ የተሰካበት ኳስ ይበቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን የሙቀት መጠን ሰንጠረዥ ከወቅቱ መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራ። ቴርሞሜትሩ ከመስኮቱ ውጭ ጥላ ባለበት ቦታ ይሰቀል፤ ተረኛው ተማሪ በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ያንብብ። አንደኛ ክፍሎች ቁጥሩን ትተው የቴርሞሜትር ሥዕል ላይ ቀለሙን እስከደረሰበት ይቀቡ፤ ከፍ ያሉት በባር ግራፍ ያስቀምጡት፣ ከ0 በታች የወረደበት ቀን ከተገኘም የቁጥር መሥመሩን ከዜሮ ወደ ታች ያስቀጥሉ። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ ሰንጠረዡን አይቶ “በዚህ ሳምንት በጣም የበረደው…” ብሎ የሚጀምር ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ይጻፍ፤ የሰኞውን ሙቀትም ገምቶ ከሥሩ ያስፍር።