የአማርኛ ኢሜይላችሁ ዝብርቅርቁ ወጥቶ እንዳይደርስ

ሰሞኑን አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ካዛንቺስ ላለ ደንበኛ የሠራው ሲስተም ደረሰኝ በኢሜይል ይልካል። መላኩንስ ይልካል። ግን «ክፍያዎ ደርሶናል» የሚለው ርዕስ ሲደርስ ምኑም አይነበብም። የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለው።

ነገሩ ቀላል ነው። የሚጠቀመው ፒኤችፒሜይለርን (PHPMailer) ነው፤ በፒኤችፒ ቋንቋ ከተጻፈ ፕሮግራም ኢሜይል ለመላክ የሚያገለግል ዝግጁ ኮድ ነው። ይህ ላይብረሪ ካልነገሩት በቀር ጽሑፉን አይኤስኦ-8859-1 በሚባለው የላቲን ኢንኮዲንግ (ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የሚወከሉበት መንገድ) የተጻፈ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እዚያ ውስጥ የእኛ ፊደል የለም። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ የፒኤችፒሜይለር ኦብጀክቱን እንደፈጠራችሁ ወዲያው «ቻርሴት» (CharSet) የሚለውን ቅንብር ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) አድርጉት፤ እሱ የእኛንም ፊደል ይይዛል። አንድ መስመር ኮድ ናት። ርዕሱንም፣ የላኪውን ስምም፣ መልእክቱንም ታስተካክላለች። የኮድ ፋይሉ ራሱ በዩቲኤፍ-8 ሴቭ መደረጉንም እዩ።

በጂሜይል የምትልኩ ከሆነ የተለመደው ፓስወርዳችሁ አይሠራም። መጀመሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፣ ከዚያ ከጉግል አካውንታችሁ ባለ 16 ፊደሉን የአፕ ፓስወርድ (ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሰጥ የተለየ ፓስወርድ) አውጡ።

ከኢሜይል ሰርቨሩ ጋር የምትገናኙበት የበር ቁጥር (ፖርት) እና ግንኙነቱ የሚመሰጠርበት መንገድም መጣጣም አለባቸው፦ ፖርት 587 ከስታርትቲኤልኤስ (STARTTLS) ጋር፣ 465 ከኤስኤምቲፒኤስ (SMTPS) ጋር ነው የሚሄደው። እንዳታቀያይሯቸው። እኔ በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

አሁንም እምቢ ካለ «ኤስኤምቲፒዲበግ» (SMTPDebug) የሚለውን የፒኤችፒሜይለር ቅንብር 2 አድርጉት። ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረውን ያሳያችኋል፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ሲስተሙን ለደንበኛ ከማስረከባችሁ በፊት ግን ወደ 0 መልሱት፤ አለዚያ ያ ሁሉ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይዘረገፍበታል።