የድንበር ጸጥታ ትብብር ስምምነት በሁለት ጎረቤት መንግሥታት መካከል እንዴት ይዘጋጃል?

በሁለት ዋና ከተሞች ስምምነት የተደረሰበት የጸጥታ ሰነድ የሚፈተነው በድንበር ኬላ ላይ ነው። ተጠርጣሪ በሌሊት ወሰን ሲሻገር የኬላው አዛዥ በወዲያኛው ወገን ለማን እንደሚደውል ካላወቀ የሚኒስትሮቹ ፊርማ የሚፈይደው ነገር የለም። ስለዚህ ረቂቁን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሥራቸውን ከኬላው ቢጀምሩ ይበጃል።

በቅድሚያ የወሰኑ ጉዳይ ይለይ። ወሰኑ ገና በምድር ላይ ካልተካለለ ትብብሩን እስከዚያ ማቆየት አያስፈልግም፤ በስምምነቱ መሠረት የሚፈጸም ተግባር የየትኛውንም ወገን የይገባኛል ጥያቄ እንደማይነካ የሚደነግግ አንቀጽ ማስገባት ሥራውን ለመጀመር ያስችላል።

ቀጥሎ ተጠሪዎች ይሰየሙ። ሚኒስትሮች በዓመት አንድ ጊዜ፣ የፖሊስ፣ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ኃላፊዎች በየሩብ ዓመቱ፣ የኬላ አዛዦች ደግሞ በየሳምንቱ እንዲገናኙ መወሰን ይቻላል፤ ከሦስቱ ይበልጥ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው። ሰው ሲዛወር መስመሩ እንዳይቋረጥ ተጠሪው በስሙ ሳይሆን በኃላፊነት ቦታው ይጠቀስ። የሚለዋወጡት መረጃ ለምን ዓላማ እንደሚውል፣ ለሦስተኛ ወገን ይተላለፍ እንደሆነና መቼ እንደሚሰረዝም ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ወንጀለኛን ወሰን ተሻግሮ የማሳደድ ጉዳይ ነው፤ የአንዱ አገር ታጣቂ በሌላው ምድር መገኘቱ ሉዓላዊነትን በቀጥታ ይነካልና። እ.ኤ.አ. በ1990 የተፈረመው የሸንገን ስምምነት (የአውሮፓ አገሮች በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ለማስቀረት የተስማሙበት ውል) ማስፈጸሚያ ኮንቬንሽን አንቀጽ 41 ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። በአንቀጹ መሠረት አሳዳጁ ፖሊስ ቢዘገይ ቢዘገይ ወሰኑን በሚሻገርበት ጊዜ ለባለአገሩ ባለሥልጣን ያሳውቃል፤ በደንብ ልብሱ፣ በክንዱ ወይም በተሽከርካሪው ላይ ባለ ምልክት በቀላሉ ይለያል፤ የግል መኖሪያ ቤት አይገባም፤ መሣሪያውን ራሱን ለመከላከል ካልሆነ በቀር አይጠቀምም፤ ባለአገሩ እንዲያቆም ሲጠይቀው ማሳደዱን ያቆማል።

የተያዘን ሰው በኬላ በር ላይ እጅ በእጅ የማስረከብ ልማድ ካለ በግልጽ ይከልከል፤ ተፈላጊ ሰው ተላልፎ የሚሰጠው በሕግ በተደነገገው ሥርዓት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 33 ስደተኛ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር እንዳይመለስ ይከለክላል። በእኔ እምነት ይህን ጥበቃ የዘነጋ ረቂቅ ለፊርማ ሊቀርብ አይገባም።

ጸጥታ በጥበቃ ብቻ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2009 በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል በቺሩንዱ ሥራ የጀመረው የጋራ ኬላ ተጓዥና ጭነት የሁለቱን አገሮች ፍተሻ በአንድ ቦታ እንዲጨርሱ ያደርጋል። ነጋዴውና አርብቶ አደሩ በሕጋዊው መንገድ ሳይጉላሉ ሲያልፉ በስውር የሚያልፈውን ኮንትሮባንድና የጦር መሣሪያ መለየት ይቀላል።

ስምምነቱ ከጸደቀ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር አንቀጽ 102 መሠረት ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ስምምነት በድርጅቱ አካላት ፊት ሊጠቀስ አይችልም። የአፈጻጸም መመሪያውም የድንበር ጠባቂዎቹ በሚያነቡት ቋንቋ ታትሞ ለየኬላው ይሰራጭ።