ዘርማት ለመሄድ ስታስቡ፦ የሚገጥማችሁ ችግርና መፍትሄው

ዘርማት ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ማተርሆርን ተራራ ሥር፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች መንደር ናት። ተራ መኪና አይገባባትም። ይህን ሁሉም ሰው ሰምቷል። ሲያቅድ ግን አውሮፕላኑንና ሆቴሉን ይይዝና የመጨረሻዋን 5 ኪሎ ሜትር ይረሳታል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያች ላይ ነው። ስለዚህ ከዙሪክ ወይም ከጄኔቫ ዘመድ ይዛችሁ ብትሄዱም፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ብትመጡም፣ ጉዞውን ከኋላ ወደ ፊት አቅዱት። ከሆቴሉ በር ጀምሩና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለሱ።

«ስልኩ ዘርማት ውሰደን ስንለው መንገዱ ቴሽ ላይ አለቀ»

መንስኤው፦ መንገዱስ አላለቀም። ከቴሽ፣ ማለትም ከዘርማት 5 ኪሎ ሜትር በፊት ካለችው መንደር፣ እስከ ዘርማት አስፋልት አለ፤ ግን ፈቃድ ላለው ብቻ ነው። የእናንተ መኪና ቴሽ ላይ ይቀራል።

መፍትሄው፦ መድረሻችሁን ዘርማት ሳይሆን «ማተርሆርን ተርሚናል ቴሽ» ብላችሁ ሙሉት። ጣሪያ ያለው ትልቅ ፓርኪንግ ነው፤ ከ2,000 በላይ መኪና ይይዛል። ከሥሩ ባቡር አለ። ቀን ቀን በየ20 ደቂቃው ይነሳል፤ 12 ደቂቃ ውስጥ ዘርማት ናችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ፓርኪንጉ ውስጥ ያለውን የሻንጣ ጋሪ እየገፋችሁ ባቡሩ ውስጥ መግባት ትችላላችሁ። የባቡሩ ወለልና መድረኩ እኩል ነው። ሦስት ልጅና አራት ሻንጣ ላለው ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው።

መኪናው ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ ወይም ከጣሊያን የመጣ ከሆነ መስታወቱ ላይ የአውራ ጎዳና መክፈያ ተለጣፊ መኖሩን እዩ። 40 ፍራንክ ነው፤ በኢንተርኔትም ይገዛል። ያለሱ ከተያዛችሁ ቅጣቱ 200 ፍራንክ ሲሆን ተለጣፊውንም ከላይ ትገዛላችሁ። በአውሮፓ ክረምት፣ ማለትም በበረዶው ወቅት፣ የበረዶ ጎማ በሕግ ግድ ባይሆንም ያለሱ አትምጡ። ከበርን በኩል የምትመጡ ደግሞ ካንደርሽቴግ ላይ መኪናውን ከነሰዉ ባቡር ላይ ጭናችሁ ተራራውን በዋሻ ታልፋላችሁ። ሩብ ሰዓት ነው፤ ልጆች ይወዱታል።

እውነቱን ለመናገር መኪናውን ጭራሽ ባታመጡት ይሻላል። ቴሽ ቆሞ በየቀኑ ሒሳብ ሊቆጥርባችሁ ነው።

«ፊስፕ ላይ ባቡር ስንቀይር ተሳሳትን»

ከዙሪክም ከጄኔቫም የሚመጣ ሰው ፊስፕ የምትባል ከተማ ላይ ይወርዳል። ከዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዘርማት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከጄኔቫ ደግሞ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል። መቀየሪያው ላይ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቀዩ የተራራ ባቡር በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ዘርማት፣ ሌላው ወደ ብሪግ። ተጣድፎ መጀመሪያ ያየው ላይ የሚሳፈር ሰው ብሪግ ላይ ራሱን ያገኘዋል። ሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን ፌርማታ ስም አንብቡ። ካመለጣችሁም አትደንግጡ፤ ሌላ ይመጣል። ተራ ትኬት ለአንድ የተወሰነ ባቡር የተቆረጠ አይደለም። በቅናሽ የገዛችሁት ግን ለዚያች ባቡር ብቻ ነውና ለቅናሽ ብላችሁ ጠባብ መቀየሪያ አትምረጡ።

ሌላ የሰዓት ጣጣም አለ። ከአዲስ አበባ ለምትመጣ አክስት በስልክ «ባቡሩ 7፡37 ላይ ነው» ብትሏት ምሳዋን በልታ ልትመጣ ትችላለች። ለእሷ 7፡37 ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ለማለት ከፈለጋችሁ «ከጠዋቱ 1፡37፣ ሰሌዳው ላይ ግን 7፡37 ይላል» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉላት። ከቀትር በኋላ ያለው ደግሞ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 14፡00 ማለት የኛ 8 ሰዓት። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ስክሪን ሾት አድርጋችሁ ላኩላት።

«ካርታው ከጣቢያ አሥር ደቂቃ ይላል፤ እኛ ግን ላብ በላብ ሆነን ደረስን»

መንስኤው፦ ካርታው ርቀቱን እንጂ ዳገቱን በወጉ አያሳይም። ርካሽ አፓርታማዎች ብዙ ጊዜ ከዋናው መንገድ ወደ ጎን በሚወጡ ቀጥ ያሉ ዳገቶች ላይ ናቸው። በክረምት ደግሞ በረዶው ተረግጦ መስታወት ይሆናል፤ የሻንጣ ጎማ እዚያ ላይ አይሽከረከርም፣ ይጎተታል እንጂ።

መፍትሄው፦ ቤት ከመያዛችሁ በፊት «ከጣቢያው እስከ በሩ ደረጃ አለ ወይ?» ብላችሁ ጻፉላቸው። ሆቴል ከሆነ የምትደርሱበትን ሰዓት ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ መኪናቸው ጣቢያ መጥተው ይቀበላሉ። ካልነገራችኋቸው ግን ማንም አይጠብቃችሁም። ጣቢያው ፊት ለፊት የኤሌክትሪክ ታክሲም አለ፤ እንደ ሳጥን ያለ አራት ማዕዘን ነገር ነው። ጉልበታቸው ለደከመ እናትና አባት ዋጋውን ሳታስቡ ተሳፈሩ።

በዚያው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መኪና የሌለበት መንደር ተብሎ ልጅ እጅ አይለቀቅም። እነዚህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ድምፅ የላቸውም፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሾፌሮቹም አይዘገዩም። ከኋላ ድንገት ከች ይላሉ።

«ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለን ጭጋግ አይተን ተመለስን»

ዘርማት ላይ ከሁሉ የሚያስቆጨው ይሄ ነው። ጎርነርግራት ወደሚባለው ከፍታ የሚወጣው ባቡር የደርሶ መልስ ትኬት በአውሮፓ የበጋ ወራት ከ100 ፍራንክ በላይ ነው። 3,089 ሜትር ላይ ያወጣችሁና ማተርሆርን የለም። ነጭ ብቻ።

መንስኤው፦ ተራራው ብቻውን የቆመ ሹል ነው፤ 4,478 ሜትር። ነፋሱ በአንድ በኩል ሲመታው በሌላው በኩል አየሩ ሽቅብ ይሳባል፣ እርጥበቱም ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ባንዲራ የተሰቀለ ደመና የምታዩት ለዚህ ነው። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከማቻል። ከዙሪክ በጠዋት ተነስቶ በዚያው ቀን የሚመለስ ሰው ተራራው ላይ የሚደርሰው ልክ በደመናው ሰዓት ነው።

መፍትሄው፦ አንደኛ፣ ለተወሰነ ቀን የተቆረጠ የተራራ ትኬት ቀድማችሁ አትግዙ። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። ሦስተኛ፣ ጠዋት አልጋ ላይ ሆናችሁ ከላይ ያሉትን ቀጥታ ካሜራዎች በስልካችሁ እዩ። መንደሩ ጭጋግ ለብሶ ከላይ ብራ የሚሆንበት ቀንም አለና በመስኮት አይታችሁ ብቻ አትፍረዱ። ካሜራው ጥርት ካለ ቁርሱን ተዉትና ሂዱ።

ባቡሩ ከ1898 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ጥርሳማ ሐዲድ ያለው ነው፤ መነሻው ከዋናው ጣቢያ ፊት ለፊት ነው፤ 33 ደቂቃ ይፈጃል። ሲወጣ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ማተርሆርን በዚያ በኩል ነው። ስትመለሱ ሮተንቦደን የሚባለው ፌርማታ ላይ ውረዱና ትንሽ በእግር ወርዳችሁ ሪፈልዜ ሐይቅ ዘንድ ሂዱ። ነፋስ ከሌለ ተራራው ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ይታያል። ከላይ በባቡር ሮጦ ከመውረድ ይልቅ እዚያ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዋጋውን ለመቀነስ የግማሽ ዋጋ ካርድ ያዙ፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ሃልብታክስ» የሚሉት ነው። ከውጭ ለሚመጣ እንግዳም ለአንድ ወር የሚሆን ይሸጣል፤ ጎርነርግራት ላይ ይሠራል። የስዊዝ የጉዞ ፓስ ግን እስከ ዘርማት በነፃ ያደርሳችኋል እንጂ ጎርነርግራት ላይ ግማሽ ትከፍላላችሁ። «ፓስ አለኝ» ብሎ ዝም ብሎ የሚሳፈር አለ።

ምንም መክፈል ለማይፈልግ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ድልድይ አለ። በሐምሌ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ድረሱ። መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ይቀላል። ከዚያ ቅላቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድና ወደ ወርቅማነት ይለወጣል፤ መንደሩ ግን ገና ጨለማ ውስጥ ነው። ካሜራ የተከለ ሰው ተደርድሮ ታገኛላችሁ፤ ቦታ አለ።

«ከላይ ስንደርስ ራሴን አዞረኝ»

«እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ዘርማት ራሷ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። እንደውም የኛ ራስ ደጀን ከማተርሆርን ይበልጣል። ግን ሰውነት ይረሳል። ዱባይ ወይም አምስተርዳም ዓመታት የኖረ ሰው የደጋ ሳንባው አብሮት የለም። የማተርሆርን ግላሲየር ፓራዳይዝ ኬብል ካር በአንድ ጠዋት 3,883 ሜትር ላይ ያወጣል፤ እንጦጦ እንኳ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ያንሳል።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ቀን ዝቅ ያለ ቦታ ሂዱ። ሱንኔጋ 2,288 ሜትር ነው፤ በምድር ውስጥ ባቡር በደቂቃዎች ይደረሳል። ከላይ ስትሆኑ በዝግታ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ሻይ አይደለም። ሕፃን ልጅ ወደዚያ ከፍታ አታውጡ። ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። መነጽርና የፀሐይ ክሬምም ያዙ። ጥቁር ቆዳን ፀሐይ አይነካውም የሚባለው በረዶ ላይ አይሠራም፤ ብርሃኑ ከታችም ይመጣል።

«ሄድን፤ ግማሹ ተዘግቷል»

ግንቦትና ኅዳር አካባቢ ሆቴል ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ኬብል ካሮች ለጥገና ይቆማሉ፣ የእግር መንገዶቹም ወይ በረዶ ወይ ጭቃ ናቸው። ለእግር ጉዞ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ለበረዶ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ሂዱ።

«ፆም ነው፤ ሁሉም ነገር አይብ ነው»

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21። የበጋው ዋና ወቅት ላይ ዱብ ይላል። ዐቢይ ፆም ደግሞ ከበረዶው ወቅት ጋር ይገጥማል። የአገሩ ምግብ ራክሌትና ፎንዱ ነው፤ ሁለቱም አይብ። ሩሽቲ የሚሉት የተከተፈ ድንች ጥብስ የፆም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በቅቤ ነው የሚጠበሰው። በዘይት እንዲሠሩላችሁ ጠይቁ።

የሚያዋጣው ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ መያዝ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ኮፕ ሱፐርማርኬት አለ፤ ምስር፣ ቲማቲም፣ ዳቦ አይጠፋም። ሽሮና በርበሬውን ከዙሪክ ወይም ከጄኔቫ የሐበሻ ሱቅ ያዙ። ለፍስክም ቢሆን ከአዲስ አበባ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ይዛችሁ አትምጡ። ከአውሮፓ ውጭ የሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ይወርሰዋል።

«ባቡሩ ቆመ፤ በረራችን ነገ ጠዋት ነው»

በጥር 2018 እ.ኤ.አ. በረዶና የመደርመስ ስጋት መንገዱንም ሐዲዱንም ዘግቶ 13,000 ያህል ጎብኚ ዘርማት ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ሄሊኮፕተር ነበር ሰው ያመላለሰው። ሸለቆው ጠባብ ነው፣ መውጫውም አንድ። ስለዚህ የመጨረሻዋን ሌሊት ዙሪክ ወይም ጄኔቫ እደሩ። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ለተጨማሪ ጥቂት ቀን የሚሆን ይያዝ።

«ወደ ጣሊያን ተሻግረን መመለሻ አጣን»

ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዘርማት በኬብል ካር ብቻ ተራራውን ተሻግሮ ጣሊያን፣ ቸርቪኒያ መውረድ ይቻላል። ሁለቱም አገሮች ሼንገን ስለሆኑ ለአንድ መግቢያ የተሰጠ ቪዛም ይበቃል፤ ፓስፖርቱን ግን ሆቴል አትተዉት። ከላይ ነፋስ ከበረታ መስመሩ ይቆማል። ጠዋት ስትነሱ የመመለሻውን የመጨረሻ ሰዓት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ሰዓቱ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ካመለጣችሁ በመኪና ተራራውን ዞራችሁ ቴሽ ለመድረስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ የታክሲው ሒሳብም ከሆቴሉ ሊበልጥ ይችላል። ነፋስ የሚያሰጋ ቀን ከሆነ ቸርቪኒያ ወርዳችሁ ምሳ አትቀመጡ፤ ድንበሩ ላይ ፎቶ ተነስታችሁ ተመለሱ።